ለተጫነባት የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

ጀሞ ሁለት፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለምሥጋና፣

ካለህበት ብርድ አገር አምላክ በጤና ያኑርህ፤ የእናትህንም ነፍስ በደግ ቦታ ያሳርፍልን። የእኔን ጤና አትጠይቀኝ። ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ የሴቶችን ቦርሳ እፈትሻለሁ፤ ማታ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ያ ጤና ከተባለ ጤነኛ ነኝ።

ስልክ ስለማላነሳ ቅር እንዳትሰኝ። የልጄን የሌንሳን ስልክ ፖሊስ መልሶልኛል፤ ቻርጅ አደርገዋለሁ እንጂ አልናገርበትም። በስልክ የተነገረ ሁሉ ሌላ ሰው ጆሮ የሚገባ ይመስለኛል። ስለዚህ በክሊኒኩ ፖስታ ሳጥን ጻፍልኝ። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ እንዳቆምኩ ታውቃለህ። ታገሠኝ።

ልጄ እንዴት እንደሞተች ሰው ሁሉ እንደ አፉ ነግሮህ ይሆናል። ከእኔም ስማው።

ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ባሏ ኦሊያድ የፊት ጥርሷን ሰበረው። ወደ እኔ መጣች። በሳምንቱ ሽማግሌዎች ቤቴን ሞሉት። የኦሊያድ ሚዜም አብሯቸው ነበር፤ እሱ ስልክ ያውቃል።

«እትዬ ገበያነሽ፣ የልጁ ችግር ክፋት አይደለም፤ ጥርጣሬ ነው» አለ ሚዜው። «ለጥርጣሬ ደግሞ መድኃኒት አለው። ‹አለሁ› የሚባል አፕ አለ። ለሁለቱም እንጭናለን። እሱ የት እንዳለች ያያል፣ እሷም የት እንዳለ ታያለች። እኩል ነው።»

ትልቁ ሽማግሌ ሳቁ። «በእኛ ጊዜ ቃል አስገብተን ነበር የምንሸኘው። ዘንድሮ ስልክ ይማልልን በሉኛ!»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሌንሳ ወደ እኔ አየች። «ይሁን» አልኩ፤ ወደ ቤቱ ተመለሰች። አፑን ያወረዱት አንተ ስልኳ ላይ ከጫንክላት የአፕ መደብር ነው። «ይሄ የምሥጋና ነው፤ ሰው አይሰልልም» እያለች ታምነው ነበር።

ሰኔ ላይ በቀበቶ ዘለበት ጀርባዋን ተለተለው። ሸሸች። መጀመሪያ ያደረገችው አፑን ማጥፋት ነው። ምልክቱ ከስልኳ ላይ ጠፋ። ልቧ አላርፍ ሲላት ደግሞ ያንን መደብር ከፍታ ስሙን ጻፈች። አልመጣም። «የለም እኮ እማ! መደብሩም ውስጥ የለም፤ አንስተውታል» ብላ አቀፈችኝ። ከዚያ ፉሪ ላይ ከጓደኛዋ ጋር ክፍል ተከራየች። አድራሻውን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ነሐሴ ላይ፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ ግቢው ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ኦሊያድ ቢላ ይዞ ገባባት። አንድ ቃል አላናገራትም። ቢላውን በእጇ ይዛዋለች። ይህን ያወቅሁት ሲገንዟት መዳፎቿን ስላየሁ ነው፤ ሁለቱም እስከ አጥንቱ ተከፍተዋል። አንገቷን ወጋት፣ ከጡቷ በታች ወጋት፣ በግንባሯ ከተደፋች በኋላ ደግሞ ጀርባዋን፣ ያንኑ በቀበቶ የተለተለውን ጀርባዋን ወጋት። ስትወድቅ ያሰጣችውን አንሶላ ይዛ ነው የወደቀችው። ጎረቤት ሲጮህ በአጥር ዘሎ አመለጠ፤ እስከ ዛሬ አልተያዘም።

ስልኩን ያየችልኝ ጀሞ ስልክ ቤት የምትሠራው ቤዚ ናት። አፑ ጨርሶ አልጠፋም አለችኝ። ምልክቱን ብቻ ደብቆ ከውስጥ ይሠራ ነበር። መደብሩም ውስጥ አለ። «መጥፎ ጠባይ አለው ብለው ጽፈውበት ከዝርዝሩ ደብቀውታል» አለች።

ምሥጋና፣ እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። ልጄ ስትፈልገው ለምን ተደበቀባት? መልስልኝ።

አክስትህ ገበያነሽ


ታርቱ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለእትዬ ገበያነሽ፣

በእናቴ ፈንታ እናት የሆኑኝ እትዬ፣ እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናው። ከሌንሳ ጋር በአንድ ፍራሽ ላይ ያደግሁ ነኝና ስለ መዳፎቿ የጻፉትን አንብቤ መቀጠል አቅቶኝ ነበር። የዘገየሁት ለዚያ ነው። ሌላ የማደርግልዎ ነገር ስለሌለኝ የጠየቁኝን በግልጽ እመልሳለሁ።

መደብሩ የእኔ አይደለም፤ የማንም አይደለም። በየአገሩ ያለን ሰዎች ያለ ደሞዝ የምንሠራው ነው። እዚያ የሚገባ አፕ ሁሉ አሠራሩ ለማንም ክፍት ሆኖ መነበብ አለበት፤ እኛም እናነበዋለን። ሰው የማይወደው ጠባይ ካገኘንበት፣ ለምሳሌ የሚከታተል ወይም ሳያስፈቅድ መረጃ የሚልክ ከሆነ፣ አንጥለውም። ምን እንደሚያደርግ መለያ እንጽፍበትና ከዝርዝሩ እንደብቀዋለን። ሰውየው ሴቲንግ ገብቶ «የተደበቁትንም አሳዩኝ» የሚለውን ካልመረጠ፣ በስሙ ቢፈልገው እንኳ አይመጣለትም።

«አለሁ»ን ያነበብኩት እኔ ነኝ። መለያውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ያሉበትን ቦታ ለሌላ ሰው ያስተላልፋል፤ ምልክቱን ከስልኩ ላይ መደበቅ ይችላል» ይላል። ደንቡ የሚያዘውን አድርጌያለሁ። ሚዜው ያንን ምርጫ ከፍቶ ጭኖ መልሶ ዘግቶት መሆን አለበት። ሌንሳ ስትፈልግ ዝግ ነበር። ለዚያ ነው ያላገኘችው።

ለምን አልጣላችሁትም ይሉኝ ይሆናል። አፑን የሠሩት ሁለት ተማሪዎች ናቸው። የአንደኛው አያት ከቤት እየወጡ መንገድ ይጠፋባቸው ነበር፤ እሳቸውን ለማግኘት ነው የሠሩት። እንዲህ ያለ አባት ያለው ቤተሰብ በየቦታው ይጠቀምበታል። እኛ የምናምነው ለአዋቂ ሰው እውነቱን ነግሮ ውሳኔውን ለእሱ መተው ነው።

የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ቀዝቃዛ ሆነብኝ። ግን ሐሰት መጻፍ አልቻልኩም።

ስለ ኦሊያድ የተሰማ ነገር አለ? ገንዘብስ ልላክ?

ልጅዎ ምሥጋና


ጀሞ ሁለት፣ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሥጋና፣

የመጪው ጥምቀት ጌታ በረከቱን ይላክልህ። ገንዘብ አልፈልግም።

ደብዳቤህን ይዤ ቤዚ ጋ ሄድኩ። «ያንን ምርጫ ክፈቺልኝ» አልኳት።

«ማዘር፣ ይቅርብዎት፤ ምን ያደርግልዎታል?»

«ምሥጋና የጻፈውን ላነበው ነው።»

ከፈተችው። የተደበቁት ሁሉ ወጡ። ከሌሎቹ ደብዘዝ ብሎ «አለሁ» አለ፤ ከሥሩ የአንተ ጽሑፍ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ቤዚ ፊቷን አዞረች።

ጥሩ ጽሑፍ ነው። ሐሰት የለበትም። ግን ለማን ነው የጻፍከው? ለሚጭነው ነው የጻፍከው። ሚዜው አንብቦታል፣ ኦሊያድም አንብቦታል። የፈለጉት ደግሞ ያንኑ ነው፤ አንተ ነውሩን ጻፍክ፣ ለእነሱ ማስታወቂያ ሆነላቸው። የተጫነባትስ? ማንበብ የነበረባት እሷ ናት። እሷ ስትመጣ በሩን ዘጋህባት።

ለአዋቂ እውነቱን ነግረን ውሳኔውን ለእሱ እንተዋለን ብለሃል። ለዚያ ተማሪ አያትስ ማን ነገራቸው?

ከገና በኋላ የኦሊያድ አጎቶች ሽማግሌ ይዘው መጡ። ደም እናድርቅ፣ ልጁም አገር ይግባ አሉ። ሚዜው አብሯቸው ገባ። ሶፋው ላይ፣ ሌንሳ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠ። «እትዬ፣ የሆነው ሆኗል፤ እኛ ያሰብነው ለደግ ነበር» አለ። ከዘነዘናው ሌላ እጄ አጠገብ የነበረ ነገር የለም። አፉን አልኩት። ሲጮህ ደግሜ አልኩት። ሽማግሌዎቹ እጄን ጠምዝዘው ይዘውኝ እንኳ በእግሬ ደረስኩበት። ጥርሱ ምንጣፌ ላይ ወደቀ። ያነሳለት የለም፤ ራሱ ደሙን እያንጠባጠበ ጎንበስ ብሎ ፈልጎ አነሳው።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ አልመጣብኝም። ክሊኒኩ በር ላይ ስቆም ግን እጄ ይበላኛል።

አፑን አውጡት። ከመደብራችሁ አውጥታችሁ ጣሉት። የምለምንህ ይህን ብቻ ነው።

አክስትህ ገበያነሽ


ታርቱ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ገበያነሽ፣

እግዚአብሔር ልብዎን ያሳርፍልኝ፤ እጅዎንም ከክፉ ይጠብቅልኝ። የሚዜውን ነገር ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ መሳቄ አስፈራኝ።

ደብዳቤዎን ተርጉሜ ለባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። ብዙ ተከራከርን። «ብንጥለው ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ምንም የሚጽፍበት የለም» ያሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ከመደብሩ ብናወጣው አስቀድሞ ከተጫነባቸው ስልኮች ላይ አይጠፋም። እዚያው ተደብቆ መሥራቱን ይቀጥላል።

በመጨረሻ የተስማማንበት ከመጣል የበለጠ ነው። «አለሁ» ባለበት ስልክ ሁሉ ላይ መደብሩ ራሱ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ምልክቱ ቢደበቅም፣ ያ ምርጫ ቢዘጋም ይወጣል። ገጹን በሙሉ ይሸፍናል፤ የሚያይዎትንም ሰው ስም ይናገራል። የተጫነባትም ታየዋለች፣ የጫነውም ያየዋል፤ ለይተን መላክ አንችልም። መለያው ለሚጭነው ብቻ መሆኑ ቀረ። ይህን ያደረጉት እርስዎ ነዎት።

መጋቢት አጋማሽ ላይ እንለቀዋለን። ቁልፉን የምጫነው እኔ ነኝ። አንድ ነገር ግን ይርዱኝ። በአማርኛ የተዘጋጀው «ይህ መተግበሪያ የማይፈለጉ ባሕርያት አሉት» ይላል። የተደናገጠች ሴት ይህን አንብባ ምን ትረዳለች? እርስዎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ምሥጋና


ጀሞ ሁለት፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሥጋና፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። ምግብህን አትርሳ፤ በሰው አገር ሽሮ የለም ብለህ እንዳትፈታ።

የጻፍከው ሁሉ ጥሩ ነው። ማስጠንቀቂያውን ግን ከፋሲካ በፊት እንዳትለቀው። ጉዳዬ ካለቀ በኋላ ልቀቀው፣ ያኔ አልከለክልህም። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። አውጡት ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ቆይ የምልህም እኔ ነኝ።

ጥቂት ነገር ንገረኝ። አፑ ውስጥ የሚታየው ነጥብ ሰውየው ያለበትን ቤት ነው የሚያሳየው ወይስ ሰፈሩን? ሲም ካርድ ቢቀየር ነጥቡ ይቀራል? የሚታየው ሰው እየታየ መሆኑን በምን ያውቃል?

አጎትህ አባይነህ ከቡታጅራ ለፋሲካ ይመጣል። ና ብዬ የማላስቸግረው ሰው ነበር፤ ዘንድሮ ግን ና ብዬዋለሁ። ሚዜው ጥርስ አስተክሏል አሉ።

በጾም የማይደረግ ነገር አለ። ጾም ሲፈታ ይደረጋል።

የአማርኛውን ጽሑፍ አልጻፍኩትም። እጄ ሌላ ሥራ ይዟል።

አክስትህ ገበያነሽ


ታርቱ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ገበያነሽ፣

አምላክ ከእርስዎ ጋር ይሁን፤ ዛሬ ይህን የምለው ለወጉ አይደለም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ልንለቀው ስንል ነው። ለባልደረቦቼ ጽሑፉ አላለቀም አልኳቸውና ቁልፉን አቆየሁት። ከዚያ ጥያቄዎችዎን ደጋግሜ አነበብኳቸው። እትዬ፣ ነጥቡን እያዩት ነው አይደል? ሽማግሌዎቹ ለሁለቱም እንደጫኑ ጽፈውልኛል። የእሱ ስልክ ላይም አለ።

ደወልኩልዎ። አላነሱም።

ነጥቡ ይስታል። አንዳንዴ ከአንዱ በር ወደ ጎረቤት በር ይዘላል። የሌላ ሰው ልጅ ደጃፍ ላይ እንዳይቆሙ ይህን ብቻ እነግርዎታለሁ። የቀረውን አልመልስም።

ይሂዱ ማለት አልችልም፤ አይሂዱ ለማለትም አፌ አይታዘዝልኝም። ሌንሳን ሳስብ እኔም እገድለዋለሁ። በሕልሜ በእጄ አንቄዋለሁ፣ ዓይኑን በአውራ ጣቴ አውጥቼዋለሁ። ግን ይህንን ይስሙኝ። «አለሁ» ስንት ሴት ላይ እንደተጫነ አላውቅም። እኛ መደብራችን ማን ምን እንዳወረደ አይመዘግብም፣ ሰው አይቆጥርም፤ የምንኮራበትም በዚያ ነው። ስለዚህ የትኛዋን ቀድመን እንንገር ማለት አንችልም። ለሁሉም መናገር ወይም ለሁሉም ዝም ማለት ነው። ለእርስዎ ስል ዝም ብያለሁ።

እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ። ይጻፉልኝ።

ምሥጋና


ጀሞ ሁለት፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምሥጋና፣

ሞትን የረገጠ ጌታ ለከርሞም ያድርስህ። በሕማማት ማክሰኞ ደውዬ ጥቂት ቃል ነግሬህ ዘጋሁብህ። ሙሉውን ደግሞ በእጄ ልጻፍልህ።

ልክ ነህ፤ ነጥቡን አየው ነበር። ጥር ላይ ቤዚ አፑን ስትከፍትልኝ ሁለት ነጥብ ወጣ። አንዱ የሌንሳ ስልክ ነው። ሁለተኛው ሻሸመኔ ነበር። ሲሙን ቀይሯል፤ ስልኩን አልቀየረም። «እኩል ነው» ብለው የጫኑለትን ረስቶታል። የሞተች ሴት ታየኛለች ብሎ ማን ያስባል?

የካቲት ላይ ነጥቡ ተነሥቶ መጣና ብስራተ ገብርኤል፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ቆመ። በጾሙ መጀመሪያ ሳምንት ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ገጀራ ገዝቼ፣ በጋቢ ጠቅልዬ በብብቴ ይዤዋለሁ። በጾም የማይዘጋ ሥጋ ቤት አለ፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አየሁት። ጥሬ ሥጋ እየቆረጠ ይበላል። ቢላውን ወደ ከንፈሩ ሲያስጠጋ፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሲዳስስ፣ ሲስቅ አየሁት። አንገቱን አየሁ። የመጀመሪያውን የት እንደማሳርፍ መረጥኩ። ከዚያ ቢላ የያዘውን እጁን፣ ከዚያ ሌላውን። መዳፉን ዘርግቶ እንዲለምነኝ ፈለግሁ። እንደሷ በእጁ እንዲይዘው ፈለግሁ።

ግን ጾም ነበር። ቅቤ ያልነካ እጄን ደም ላስነካው አልቻልኩም። ትስቅብኝ ይሆናል። እሱ ሥጋውን ሲቆርጥ እኔ ጾሜን ጠበቅሁ። ይፈታና በማግሥቱ ከአባይነህ ጋር እመጣለሁ ብዬ ተመለስኩ። ለፖሊስ አልነገርኩም። ለራሴ ፈለግሁት። አንተንም ለዚያ ነው ያስቆምኩህ።

ማክሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ አንዲት ሴት ከባጃጅ አወረዱ። ሙፊዳ ትባላለች፤ ያኔ ስሟን አላውቅም። ፊቷን በሻርፕ ይዛለች፤ ሻርፑ ጥቁር ስለሆነ ደሙን ያወቅሁት ሲንጠባጠብ ነው። ቦርሳ ሳልፈትሽ አላስገባም፤ ሥራዬ ነው። እጄን ስከት ሻርፑ ወረደ። መንጋጋዋ ከቦታው ወጥቷል። በአንዱ ዓይኗ ቦታ ዓይን የለም። ባሏ በብሎኬት ነው የመታት።

«እናቴ፣ ስልኬ አለ?» አለችኝ በተሰበረው አፏ።

«አለ የኔ ልጅ።»

«አጥፊልኝ። ይመጣብኛል። ሽማግሌዎች ያስጫኑኝን ‹አለሁ›ን አጥፍቼው ነበር። መደብሩ ውስጥም ፈልጌ አጣሁት። ታዲያ በምን አገኘኝ?»

ሌንሳ ያለችውን ነው ያለችው። ስልኩን ሳጠፋ ጣቴ በደም ስክሪኑ ላይ ይንሸራተታል። መጋቢት ላይ ለቀኸው ቢሆን ኖሮ ታነበው ነበር። ዓይኗ ይኖራት ነበር። እናንተ ሰው አትቆጥሩም፤ እኔ አንዷን ቆጠርኩ። ያላየኋቸውስ?

ቦታዬን ጥዬ ጣቢያ ሄድኩ። የኦሊያድን ነጥብ አሳየኋቸው። መርማሪው ከበዓል በኋላ ነው የሚገባው አሉኝ። ከጣቢያው በር ሳልርቅ ነው የደወልኩልህ።

«ልቀቀው» አልኩህ።

«እትዬ፣ እሱም እኮ ያየዋል። ይጠፋብዎታል። በዓሉ እስኪያልፍ—»

«ሌላዋ እስከ በዓል ትደርሳለች?»

«አማርኛውን ይንገሩኝ» አልከኝ። እያለቀስኩ ስለነበር ቃል ጎድሎህ እንደሆነ ደግሜ እጽፈዋለሁ፦

«እህቴ፣ ይህ አፕ አሁን የት እንዳለሽ ለሌላ ሰው እያሳየ ነው። አጥፍቼዋለሁ ብለሽ ቢሆንም አልጠፋም። የሚያይሽ ሰው ስም ከታች አለ። የምትፈሪው ሰው ከሆነ ስልኩን እዚያው ጥለሽ ሂጂ።»

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ የሌንሳን ስልክ ፊቴ አስቀመጥኩ። ማስጠንቀቂያው መጀመሪያ እሱ ላይ መጣ። እህቴ ይላል። ከታች የኦሊያድ ስም አለ። እሱ ዘንድ የሚወጣው ስም የማን እንደሆነ አሰብኩ።

ብዙ ሳይቆይ ስልኩ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። አነሳሁት፤ አልተናገርኩም። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«ማነው?» አለ። «ማነው ይሄን ስልክ የያዘው?»

ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳሁም።

«ተናገር እንጂ! ማነህ አንተ? እመጣልሃለሁ፣ ሆድህን ነው የምዘረግፈው!» ጮኸ፣ ተሳደበ። እኔ ዝም። ቆይቶ ድምፁ ቀጠነ። ከዚያ እንደ ሕፃን ቀስ ብሎ «ሌንሳ?» አለ።

በስልክ ድምፃችን አንድ ነው፤ አንተም ስንት ጊዜ ተሳስተሃል።

«አቤት» አልኩት።

እንዲህ ያለ ጩኸት ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። ስልኩ ተዘጋ። ነጥቡ ከጋራዦቹ ጀርባ ተነሣ። ወደ ቀለበት መንገዱ ወጣ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ወጣ፤ ሰው እየሮጠ መሆኑ ያስታውቃል። እያየሁት ጠፋ።

ለሙፊዳ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ እኔ እንዳስቆየሁትም ጭምር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልክ ናት። በማግሥቱም ሄጄ ሾርባ አስቀምጬላት ወጣሁ።

አባይነህ ቅዳሜ ገባ። ገጀራውን አልጋ ሥር አገኘው። «የት ነው ያለው?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት፤ አላመነኝም። ጾሙን ፈታን፤ ሥጋው አልወርድ አለኝ። መርማሪው ዛሬ ገብቷል፤ ያየሁትን በሙሉ ነግሬዋለሁ። ይይዙት አይይዙት አላውቅም። ከእንግዲህ እኔም አላየውም። እሱ ግን ልጄ እያየችው እንደሆነ ያምናል፤ ስልኩን ቢጥልም፣ አገር ቢቀይርም፣ በር ቢዘጋም ያምናል። እንደታየ ይኑር።

የተገፋን የማይረሳ አምላክ ባለህበት ይጠብቅህ።

አክስትህ ገበያነሽ